ላዩ ወርቅ፣ ታቹ ባቡር

አዘጋጁ ስለ ምግብ ብቻ እንድጽፍ ነው የጠየቀኝ። «ምግብ ማንንም አያስከፋም። ቅመሙን ጻፍ፣ አቀራረቡን ጻፍ፣ ዋጋውን ጻፍ፣ ከዚያ ፈርመህ ላክልኝ» አለ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው ወዳጅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ ምግብ ነው። ባቡር ከተነሣ ምግብ ቤቱ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ሹፌር ከተነሣም ባቡር ያለ ሹፌር ስለማይሄድ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ያየ ካለ በራሱ መነጽር ያየው ነው።

ቦታው ፓሪስ ነው፤ ጋር ደ ሊዮን የሚባለው ባቡር ጣቢያ። ወደ ሊዮን፣ ወደ ማርሴይ፣ ወደ ኒስ፣ በጠቅላላው ፀሐይ ወዳለበት የሚሄድ ሰው የሚነሣው ከዚያ ነው። ከውጭ 67 ሜትር የሚረዝም የሰዓት ማማ አለው። ለማማው በአራቱም በኩል ሰዓት ተገጥሞለታል፤ አራት ፊት ያለው ነገር በአራቱም ፊቱ አንድ እውነት ሲናገር ሳይ ጥቂት ቆሜ አደነቅሁ። ከውስጥ ደግሞ፣ ልክ ከባቡሮቹ አፍንጫ ፊት ለፊት፣ ግራና ቀኝ የሚታጠፍ ሰፊ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ደረጃው የሚያደርሰው ወደ ምግብ ቤቱ ነው። «ለ ትሬን ብሉ» ይሉታል፣ ሰማያዊው ባቡር።

ታሪኩ ረጅም ነው፤ እኔ አሳጥረዋለሁ። ፓሪስ ለ1900ው የዓለም ኤግዚቢሽን ስትሽሞነሞን የፓሪስ፣ ሊዮንና ሜዲትራኒያን የባቡር ኩባንያ ጣቢያውን ማሪየስ ቱድዋር በተባለ አርክቴክት እንደ አዲስ አሠራው። ምግብ ቤቱን ፕሬዚዳንት ኤሚል ሉቤ እ.ኤ.አ. በ1901 መርቀው ከፈቱት። ያኔ የሚጠራው የጣቢያው ቡፌ ተብሎ ነበር፤ የአሁኑን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፣ ሀብታሞችን ወደ ደቡቡ ባሕር ዳርቻ ያመላልስ በነበረው ባለ ሰማያዊ ፉርጎ ባቡር ምክንያት። እንግዲህ ልብ በሉ። ኤግዚቢሽኑ አለፈ፣ እንግዶቹ ወደየአገራቸው ገቡ፣ መርቀው የከፈቱት ፕሬዚዳንትም ዘመናቸውን ጨርሰው ወረዱ፤ ባቡሩ ግን ቀረ። ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ ነገር እንግዳው ከሄደ በኋላ ለባለቤቱ ማገልገሉ የፈረንሳዮች ልዩ ጠባይ ሳይሆን አይቀርም።

አብረውኝ የነበሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ጡረታ ከወጡ የቆዩ አዛውንት፤ ሁለተኛዋ ፓሪስ የምትኖር ልጃቸው፣ የዕለቱ ጋባዥ። ጋሼ ፈረንሳይኛቸውን ያገኙት ከሥራው ነው፤ ያኔ የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። አንቱ ሲባሉ ይቆጣሉ። «ድሬ ላይ አንቱ የሚባል የለም። አንቱታ ከአዲስ አበባ በባቡር የሚመጣ ዕቃ ነበር፤ እኛ ሳናራግፈው ወደ ጅቡቲ እናሳልፈው ነበር» ይላሉ። እኔ ግን የደጋ ሰው ነኝ፤ አዛውንት አንተ እያልሁ እህል አይወርድልኝም።

በሩን አልፈን ስንገባ ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ይመስል። አይፈረድባቸውም። ግድግዳው ወርቅ ቅብ፣ ዓምዱ ወርቅ ቅብ፣ መስኮቱ ዙሪያውን ወርቅ ቅብ ነው። ከላይ ትልልቅ መብራቶች ተንጠልጥለዋል፤ ከታች የቆዳ መደገፊያ ያላቸው ረጃጅም አግዳሚዎች ተደርድረዋል። ግድግዳውንና ጣሪያውን የሸፈኑት ሥዕሎች 41 ናቸው። አሳላፊው የምግብ ዝርዝሩን አምጥቶ ሲሰጠን ጋሼ መጀመሪያ ዋጋውን አዩ፣ ቀጥለው ጣሪያውን አዩ፣ ከዚያ እንደገና ዋጋውን አዩ።

«ዋጋ ጣሪያ ነካ ሲሉ እሰማ ነበር» አሉ። «ጣሪያው እንዲህ ከሆነ ይንካው፤ ምንም አይደል። እኔን የሚያሳዝነኝ የሚያፈስ ጣሪያ የሚነካው ዋጋ ነው።»

ልጃቸው «አባዬ፣ ዛሬ ስለ ዋጋ አናወራም» አለች። እሺ አሉ። አላወራንም።

ወደ ሥዕሎቹ እንመለስ፤ ከምግቡ በፊት የሚቀርቡት እነሱ ናቸውና። ኩባንያው ዕውቅ ሠዓሊዎችን ቀጥሮ ያሣለው ባቡሩ የሚሄድባቸውን አገሮች ነው። ማርሴይ ከነወደቧ፣ ሊዮን ከነወንዟ፣ ተራራው፣ ባሕሩ፣ የወይራው ዛፍ። ሰው እየበላ ቀና ሲል መድረሻውን ያያል። ጋሼ ይህን በጥሞና ሲመረምሩ ቆይተው አሳላፊውን በምልክት ጠሩት።

«እነዚህ ሥዕሎች መቼ ተሣሉ?»

«በ1900 አካባቢ፣ ሙሴ።»

«ወደ ማርሴይ የሚወስደው ሃዲድስ መቼ ተዘረጋ?»

አሳላፊው ትንሽ አሰበ። ከፓሪስ እስከ ማርሴይ ያለው መስመር የተያያዘው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መሆኑን እኔ አስታወስሁለት።

«እንዴት ያሉ ሞኞች ናቸው!» አሉ ጋሼ፣ ወደ አማርኛ ተመልሰው። «መጀመሪያ ሃዲዱን ዘርግተው፣ ባቡሩን ከ40 ዓመት በላይ ነድተው፣ ከዚያ ነው ሥዕሉን የሰቀሉት? ሥዕሉን አስቀድመው ቢሰቅሉት ኖሮ ያን ሁሉ ብረት ባላወጡ።»

ልጃቸው ከጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ነካች። እኔ ወደ ምግብ ዝርዝሩ አቀረቀርሁ።

ከሥዕሎቹ አንዱ፣ አንሪ ዠርቬክስ የሣለው፣ በኒስ ከተማ የሚደረገውን የአበባ ጦርነት ያሳያል። ያጌጡ ሠረገላዎች፣ ባርኔጣቸው ሰፊ የሆነ ሴቶች፣ በአየር ላይ የሚበር አበባ። ልጅቱ ለአባቷ አስረዳች፤ በካርኒቫል ጊዜ ሰዎች ተሰልፈው አበባ ይወራወራሉ፣ ስሙም የአበባ ጦርነት ነው።

«ማን ያሸንፋል?»

«ማንም አያሸንፍም። ሲያልቅ ወደ ቤታቸው ይገባሉ።»

«የሞተ ሰውስ?»

«አባዬ! አበባ እኮ ነው።»

«ታዲያ ጦርነት ብለው ለምን ይጠሩታል? ስም ማውጣት አያውቁም ማለት ነው። በኛ አገር እንኳ ሙያው ያደገ ነው፤ ለከባዱ ነገር ቀለል ያለ ስም ጠፍቶ አያውቅም።» ይህን ብለው ዳቦ ቆረሱ። ዳቦው፣ ስለ ምግብ ነውና የምጽፈው፣ ላዩ ደረቅ ውስጡ ለስላሳ ነው። ቅቤው ጨው አለው።

ከትልቁ አዳራሽ ወዲያ ወርቃማው የሚሉት ሌላ አዳራሽ አለ፤ በተጨማሪም የቱኒዝያና የአልጄሪያ የሚባሉ ሁለት ሳሎኖች አሉ። ፈረንሳይ ባሕር ተሻግራ የያዘቻቸውን አገሮች በሳሎን ስም አስገብታቸዋለች። ጋሼ ስማቸውን ሲሰሙ «የጅቡቲ ሳሎንስ?» ብለው ጠየቁ። የለም። ቅር አላቸው፤ ጥያቄያቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በመርከብ ዘመን ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መንገዱ በዚህ ጣቢያ ነበር። በባቡር ማርሴይ ይወርዳል፣ ከማርሴይ በመርከብ በሱዌዝ አድርጎ ጅቡቲ ይገባል፣ ከጅቡቲ የኛው ባቡር ይቀበለዋል። ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ ነጋዴው፣ መሣሪያ ሻጩ፣ ምናልባት ሁሉም እዚህ ቁጭ ብለው የመጨረሻ ጥሩ ምሳቸውን በልተው ነው የተነሡት።

የኛው ባቡር ነገር ከተነሣ ጋሼን ማስቆም አይቻልም። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ሐረር ይገባል ሲባል ተራራው ከብዶት ቆላውን ይዞ ቀረና በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋን ወለደ። «ከተማችን የተወለደችው የተገባ ቃል ሳይፈጸም ቀርቶ ነው። ስለዚህ ቃል ሲፈርስ ድሬዎች እንደ ሌላው አናለቅስም፤ ቢያንስ ከተማ ይወጣዋል ብለን እንጠብቃለን» ይላሉ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፣ በስተመጨረሻ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። መስመሩ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለገሃር ያለው ባለ ግርማው ሕንፃ የተመረቀው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ በ1922 ዓ.ም. ነው። እዚህም ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ባቡሩ መጣ፣ ጣቢያው ያማረው ከ12 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አያቶቻችንም እንደ ፈረንሳዮቹ ሞኞች ነበሩ።

«ለገሃርማ አለ» አሉ ጋሼ። «ጣቢያው አለ። አንበሳውም ፊት ለፊቱ አለ። አንበሳውን ጣሊያን ሮም ወስዶት ነበር፤ ተመልሷል። ደርሶ መልስ ትኬት የነበረው እሱ ብቻ ነው። ባቡሩ ነው የሌለው። አዲሱ ባቡር የሚነሣው ከከተማው ወጥቶ ከለቡ ነው። ከተማ ሲያምር መጀመሪያ ወደ ዳር የሚወጣው የሚሠራው ነው፤ ይሄ የታወቀ ነው። መሐል የሚቀረው የሚታየው ነው።»

ይህን ሲሉ የበጉ ጭን መጣ።

እዚህ ላይ ብዕሬ ቀስ ይላል፤ አንባቢም ቀስ ይበል። የቤቱ የታወቀ ምግብ ይህ ነው፤ የተጠበሰ የበግ ጭን፣ ከወተትና ከክሬም ጋር በምድጃ የበሰለ ድንች አብሮት። ወጥ ቤት ተቆርጦ በሰሃን አይመጣም። ሙሉው ጭን በተሽከርካሪ ጠረጴዛ ላይ እየተገፋ ከፊታችሁ ይቆማል። ነጭ የለበሰ ቆራጭ ቢላዋውን ይስላል። ከዚያ በዓይናችሁ ፊት፣ በስሱ፣ አንድ በአንድ ይቆርጣል። ላዩ ቡናማ፣ መሐሉ ሮዝ ነው። ሥጋው የራሱን ወዝ ይዞ ይወርዳል። ለልጅቱ ሦስት፣ ለጋሼ ሦስት፣ ለእኔ ሦስት። መረቁን አፈሰሰ፤ የተረፈውን ጭን እንደነበረ ይዞ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄደ።

ጋሼ ሹካቸውን አላነሡም። ዓይናቸው ቆራጩን ተከትሎ ሄደ።

«ለራሱ አልቆረጠም» አሉ።

«ሥራው ነው ጋሼ፤ ለእንግዳ ነው የሚቆርጠው።»

«አውቃለሁ። ግን ቢላዋው በእጁ ነው። ሥጋው በእጁ ነው። ለራሱ አልቆረጠም። ለዘመዱም አልቆረጠም።» ጥቂት አሰቡና «ሰው ፊት ስለሚቆርጥ ይሆናል። ጓዳ ውስጥ ቢሆን እሱም ሰው ነው» አሉ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ለአሳላፊው ተርጉሜ ልነግረው አስቤ ነበር፤ አሳላፊ ሹመት የለውም ብዬ ተውሁት። ሥጋው ግን እውነት ለመናገር ዝና እንደሚለው ነው። ድንቹ ደግሞ ከሥጋው ይበልጣል፤ ይህ የግሌ ፍርድ ነው፣ ልጅቱ አልተስማማችም።

ከመስኮቱ ባሻገር፣ ከታች፣ የባቡሮቹ መቆሚያ ይታያል። አንዱ ፈጣን ባቡር ድምፁን ሳያሰማ ተንሸራቶ ወጣ። ከዚህ ጣቢያ ወደ ሊዮን ፈጣን ባቡር መሄድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ አሁን ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እኔ ለወሬ ያህል «ጋሼ፣ እንዲህ ያለውን ባቡር መሪውን ይዞ መንዳት ከባድ ነው?» አልኋቸው።

ሳቁብኝ። ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ባቡር መሪ የለውም።»

«እንዴት?»

«መኪና ነው መሪ ያለው። መኪና መሪው ወደ ገደል ካዞረው ገደል ነው የሚገባው፤ ከኋላ የተቀመጠው ቢጮህ ቢያለቅስ ለውጥ የለውም። ባቡር ግን ሹፌሩ ቢቆጣም፣ ቢደሰትም፣ ሌሊት ሕልም ቢያይም ከሃዲዱ ሊያወጣው አይችልም። ሥራው ሁለት ነው፤ ማስነሣትና ማቆም። መንገዱን ሌሎች ሰዎች ቀድመው ለክተው፣ ተከራክረው፣ በብሎን አጥብቀው አስቀምጠውለታል። እኔ 30 ዓመት ስሠራ ብሎን ነው የማጠብቀው። ማንም ስሜን አያውቅም። ግን ብሎኑ ከላላ የሹፌሩ ጉብዝና ምን ሊያደርግ?»

«መሪ ከሌለው ታዲያ በሰዓቱ እንዴት ይደርሳል?»

«መሪ ስለሌለው ነዋ!» አሉ ጋሼ፣ እንደ ደደብ ተማሪ እያዩኝ።

ስለ መካኒክ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላወሩም። ልጃቸው ምስክር ናት።

ቤቱ ያማረው ታድሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ዘመን አልፎበታል ይፍረስ የሚሉ በተነሡ ጊዜ፣ ጸሐፊው አንድሬ ማልሮ የባህል ሚኒስትር ሆነው ይቆይ ብለው ተሟገቱለት። የባህል ሚኒስትር ለአሮጌ ግድግዳ መሟገቱ አሁንም ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዋናው እድሳት ተደረገለት፤ የሲጋራና የወጥ ቤት ጭስ ያጠቆረውን ጠርገው ከሥር የነበረውን ቀለም አወጡት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አሳላፊውን ለሁለተኛ ጊዜ ጠሩት።

«በላዩ አዲስ ቀለም አልቀባችሁም?»

«አይ ሙሴ፣ ቆሻሻውን ብቻ ነው ያነሣነው።»

«ጥልቅ ተሃድሶ ነው ማለት ነው።»

«በጣም ጥልቅ።»

«ከተሃድሶው በኋላ አሳላፊዎቹ እነዚያው ናችሁ?»

«ብዙዎቻችን፣ አዎ።»

«ምግቡስ?»

«የበጉ ጭን ያው ነው።»

«እንዲያ ከሆነ አውቀዋለሁ» አሉና ዝም አሉ። አሳላፊው የተመሰገነ መስሎት ጎንበስ ብሎ ሄደ።

ልጅቱ ነገሩን ለማለዘብ ይመስለኛል፣ አዲስ አበባ ሰሞኑን እንዴት እንዳማረች፣ ጎዳናው እንደሰፋ፣ መብራቱ፣ አበባው፣ ኮሪደሩ እያለች አወራች። ጋሼ ኮሪደር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወደ ሙያቸው ተመለሱ። «በባቡር ቋንቋ ኮሪደር ማለት ወንበር ያላገኘ ተሳፋሪ ዕቃውን ታቅፎ የሚቆምበት መተላለፊያ ነው። ኮሪደር ላይ የቆመ ሰው ትኬት የሌለው እንዳይመስልሽ። ትኬትማ ይዟል። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ነው።»

ልጅቱ ወይን ቀዳችላቸው።

ጋሼ በባቡር ጣቢያ ሲበሉ ይህ መጀመሪያቸው አይደለም። በአዋሽ ሰባት ኪሎ ጣቢያው አጠገብ ቡፌ ደ አዋሽ የምትባል አሮጌ ሆቴል አለች፤ ግሪኮች ነበሩ የያዟት። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበር፤ ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ ነው አዲስ አበባ የሚገባው። መኳንንቱም፣ ፈረንጁም፣ ነጋዴውም በዚያች ግቢ፣ በቡገንቪላው ጥላ ሥር፣ አቧራቸውን አራግፈው ይበሉ ነበር። በእርግጥ ሁሉም አይደለም። ባቡሩ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ነበረው፤ ሦስተኛው ማዕረግ የሚበላው ከመስኮት የሚሸጥለትን ነው። እንቁላል፣ ብርቱካን፣ የፍየል ወተት። ጋሼ በልጅነታቸው በሦስተኛው ማዕረግ ነው የሄዱት፤ ሠራተኛ ከሆኑ በኋላ ነው ቡፌው ውስጥ የተቀመጡት። «ምግቡ ከዚህ አይሻልም» አሉ። «ግን ባቡሩ ፊሽካ ነፍቶ ሰው በልቶ እስኪጨርስ ይጠብቅ ነበር። ያኔ ባቡር ሰውን ይጠብቃል። ኋላ ነው ነገሩ የተገላበጠው።»

ናፕኪናቸውን አጣጥፈው አስቀመጡና፣ ወደ ወርቁ ጣሪያ እያዩ፣ በዝግታ እንዲህ አሉ፦

ምን ያማረ ጣቢያ ሁሉ የሚያደንቀው፤
ባቡር የለው እንጂ ሞልቷል የሚጠብቀው።

ልጅቱ «ስለ የትኛው ጣቢያ ነው?» ብላ ጠየቀች። አባቷ መልስ አልሰጧትም። እኔም ስለ ምግብ ስለምጽፍ አልጠየቅሁም።

ማጣጣሚያው በሩም የራሰ ባባ የሚባል ኬክ ነው፤ የቤቱ ሁለተኛ ዝነኛ ምግብ። ኬኩ ስፖንጅ ነው፤ ሩሙን የሚጠጣው እሱ ነው፣ የሚሰክረው ግን በዪው። ክሬሙ አይጣፍጥም ማለት አይቻልም፣ ይበዛል ግን። ጋሼ ከግማሽ በላይ አልበሉም። በዚያው ስለ መዘግየት ተነሣ። በዚህ አገር ባቡር ሲዘገይ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፣ ምክንያቱ ይነገራል፣ ይቅርታ ይጠየቃል። ረጅም መንገድ የሚሄደው ፈጣን ባቡር 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከዘገየ ደግሞ ተሳፋሪው ከትኬቱ ዋጋ ላይ የሚመለስለት አለ። ጋሼ ይህን ከልጃቸው ሲሰሙ አላመኑም።

«ለ30 ደቂቃ?»

«ለ30 ደቂቃ።»

«ለ30 ዓመትስ ስንት ይመልሳሉ?»

«እንደዚያ የሚዘገይ ባቡር የለማ አባዬ።»

«ባቡር አላልሁም እኮ፤ እንዲያው ሂሳቡን ላውቀው ብዬ ነው።»

ሂሳብ ሲነሣ ሂሳቡ መጣ። ትንሽ ወረቀት ናት፤ የበላነው አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። ውኃው ሳይቀር ተጽፏል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ያልበላነው የተጻፈ፣ የበላነው ያልተጻፈ እንዳለ ፈለጉ። አጡ። «ንጹሕ ነው» ብለው ለልጃቸው አሳለፉላት። እኔ ላግዝ ብዬ ኪሴን ስነካካ እጄን ያዙኝ።

«ተው። እኛ በልተናል፤ ልጅ ትከፍላለች። ይሄ ልማዳችን ነው። የሚለየው ይህቺኛዋ መክፈሏን ማወቋ ነው።»

በደረጃው ስንወርድ አንድ ባቡር ከደቡብ ገብቶ ቆሞ ነበር። ሃዲዱ እዚያ ያልቃል፤ ጫፉ ላይ የብረት መግቻ ቆሟል። ጋሼ መግቻውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። የአገራቸውን ሰው ያገኙ ነው የመሰለው። «ሃዲድ ማለቂያው ሲታወቅ ሹፌሩ ከሩቁ ፍሬን መያዝ ይለምዳል» አሉኝ። በዚህ መሐል ሹፌሩ ከፊተኛው ክፍል ወረደ። ቦርሳ በትከሻው አንግቷል። ማንም አላጨበጨበም። ማንም አላለቀሰም። አበባ ይዘው የተሰለፉ ሕፃናት አልነበሩም፤ ባነርም አልተሰቀለም። ተሳፋሪው ሻንጣውን እየጎተተ አጠገቡ ሲያልፍ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

ጋሼ ተከትለውት ሄዱና አስቆሙት። በዚያ በድሬዳዋ ፈረንሳይኛቸው ጥቂት አወሩ። ሹፌሩ ሳቀ፣ እጃቸውን ጨበጠ፣ ወደ ጣቢያው ሰዓት አሳየ፣ መንገዱን ቀጠለ። ተመልሰው ሲመጡ ልጃቸው «ምን አልኸው?» አለቻቸው።

«ለምን ወረድህ አልሁት። ሰዓቴ አለቀ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ማን አወረደህ አልሁት። ሰዓቱ አለኝ።»

«ባቡሩስ?»

«እሱንም ጠየቅሁት። ሌላ ሰው በወዲያኛው ጫፍ ገብቷል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይነሣል አለኝ። ሳይነሣ ንቅንቅ አልልም።»

ቆምን። ልጅቱ ሰዓቷን አየች፣ ስልኳን አየች፣ እኔን አየችኝ። በ20ኛው ደቂቃ በሮቹ ተዘጉ፤ ባቡሩ ኋላው ፊት ሆኖ፣ ያው ባቡር በሌላ ሹፌር፣ በመጣበት ሃዲድ ወደ ደቡብ ወጣ። ጋሼ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አሁን ስታዪው ምሳው ርካሽ ነው» አሉ።